የሊዲያ ጉድፍና የእኔ ሃያ አንድ ቀን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017
የልጆች የእንቅልፍ ሰዓት

ሠላሳ አንዱም ተኝተዋል። እውነቱን ለመናገር ሃያ ስምንቱ ተኝተዋል፤ ሦስቱ ዓይናቸውን ጨፍነው እያታለሉኝ ነው። እኔም እንዳልነቃሁባቸው ሆኜ እያታለልኳቸው ነው። ኬጂ ማስተማር ማለት ይኸው ነው።

ይህ ደብተር የተሰጠኝ ለተማሪ ክትትል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን የምከታተለው ራሴን ነው።

ጠዋት የሊዲያ እናት በር ላይ መጣች።

«ቲቸር ባሂራ፣ ሊዲያ ዛሬ አትመጣም። ትናንት ገላዋን ሳጥባት ሆዷና ጀርባዋ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አየሁ። ጉድፍ ነው አሉን።»

«ምስኪን! አይዞሽ፣ ያልፍላታል» አልኳትና ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱም ሊዲያ ትናንት ስትነጫነጭ ነው የዋለችው። ስታዝን ማየት ስለማልችል ቀኑን ሙሉ አቅፌያት ዋልኩ። አንገቴ ሥር ተኛች። ፊቴ ላይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች። ነክሳ የተረፋትን ብስኩት በገዛ እጇ አጎረሰችኝ፤ በላሁላት።

ትናንት ደግሞ ባሌ ሙንታሲር ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ መጥቶ ነበር፤ የልጆቹን የስፖርት ልብስ እሱ ነው የሚሰፋው። ሊዲያ የሜትሩን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች። ለማስለቀቅ ተሸክሟት ግቢውን ሁለት ዙር ዞረ። ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ። ምን አውቄ፣ ትናንት እኮ ነው።

እርጉዝ ነኝ። አሥራ አምስት ሳምንት። ይህን የሚያውቁት አላህ፣ ሙንታሲርና የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሃፊዛ ብቻ ናቸው። ያለፉትን ሁለቱን ቡታጅራ በሙሉ ያውቅ ነበር። የመጀመሪያው አሥራ አንድ ሳምንት፣ ሁለተኛው አሥራ ስድስት ሳምንት ከሁለት ቀን ቆይተው ሄዱ። ከተማው እንኳን ደስ አለሽ ለማለት እንደመጣ፣ አላህ ይተካልሽ ለማለትም መጣ። በዚህኛው ዝም ብለናል። «እንግዳው» እንለዋለን። ሰው ቢሰማም ለአጎት አልጋ የምናዘጋጅ ነው የሚመስለው።

ሦስቱ አታላዮች ተነሱ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ስልኬን ጠየቅሁት። ባልጠየቅሁት ይሻል ነበር።

በምሳ ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ሲስተር ሃፊዛ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «በልጅነትሽ ጉድፍ ይዞሽ ያውቃል?» ብላ ነው።

«እኔ እንጃ።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ስምንት ልጅ ነው ያሳደገችው። ስሜን ለመጥራት እንኳ በሦስት እህትና ወንድሞቼ በኩል ዞራ ነው የምትመጣው።»

ሳቀችና ወደ ዶክተሩ አስገባችኝ። ወጣት ናቸው፤ ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት። ከዚህ በፊት ይዞኝ ከነበረ ሰውነቴ ስለሚያውቀው ብዙም እንደማያሰጋ ነገሩኝ። ካልያዘኝ ግን በእርግዝና ላይ እኔንም ሳንባዬ ድረስ ገብቶ በጣም ሊያሳምመኝ ይችላል አሉ።

«ከአሥረኛው ቀን እስከ ሃያ አንደኛው ቀን ሰውነትዎን ይከታተሉ። ሽፍታ ካዩ ያኔውኑ ይምጡ። ነገ አይባልም፤ መድኃኒት አለው።»

«እንግዳውስ? ማለቴ፣ ልጁስ?»

«አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ጥቂቶቹ ላይ ግን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።»

«ጥቂት ስንት ነው?»

«ከመቶ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት።»

ለሌላ ሰው ይህ ጥሩ ወሬ ነው። እኔ ግን ከጥቂቶቹ ጋር ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ተሰልፌያለሁ።

ደም ተቀዳሁ። ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፣ ውጤቱ በአሥር ቀን ይመጣል ተባለ።

«ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«በሚገባ» አልኩ።

አያውቅም። አልነግረውምም። ባለፈው ጊዜ ሱቁን አሥር ቀን ዘግቶ፣ በእጁ መቀስ ይዞ ምንም ሳይቆርጥ ነበር የሚውለው። እኔ የራሴን ፍርሃት መሸከም አያቅተኝም። የሱን ማየት ነው የማልችለው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

እናቴ ጋ፣ መስቃን ሄድኩ። ግቢው በሙሉ በርበሬ ተሰጥቶበታል። እናቴ በርበሬዎቹ መሐል ተቀምጣ የበሰበሰውን ትለቅማለች። እኔ ደግሞ ጥያቄዬን እንደ ዋዛ አድርጌ ለማምጣት መንገድ ሙሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት።

«እማ፣ በልጅነቴ ጉድፍ ይዞኝ ነበር?»

«አዎ።»

ልስማት ጎንበስ አልኩ። እሷ ቀጠለች።

«አይ፣ ያ ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ደግሞ የያዘው ወንድምሽን ሙሀመድሰይድን ነው። አንቺን የያዘሽ ጆሮ ደግፍ ነው። ፊትሽ ዱባ አክሎ ነበር።»

«ጉድፍስ?»

«ጉድፍ መሕቡባን ነው የያዛት፣ በዓረፋ ዋዜማ። ጉድፍ እኮ ሰውን አይምርም። በሕይወትሽ ካልያዘሽ መቃብርሽ ድረስ ተከትሎ ይወጣብሻል።»

«ስለዚህ እኔንም ይዞኛል?»

«አንቺማ ገና አልሞትሽም።»

ከዚህ በላይ መረጃ አልተገኘም። «እህትሽን ጠይቂያት» አለችኝ ዓይኗን ከበርበሬው ሳታነሳ። መሕቡባ ታላቄ ናት፤ ወልቂጤ ነው የምትኖረው። ከተኮራረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ሁለተኛውን ያጣሁ ጊዜ ከመቶ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ አቋርጣ ልትጠይቀኝ አልመጣችም። ስልኳን ዘጋሁባት። አሁንም እንደተዘጋ ነው።

«ለመሆኑ ለምን ጠየቅሽ?»

«ትምህርት ቤት የሚሞላ ቅጽ አለ።»

እናቴ ቀና ብላ ሰፊውን ጅልባቤን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ቅጹ ስንት ወር ሆነው?»

እንዳልሰማሁ ሆንኩ። በርበሬ ልልቀምልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ እጄን መታ አደረገችው። «ተይ፣ ያስነጥስሻል። ለቅጽ ጥሩ አይደለም።»

ስሄድ ቡላ በፌስታል አስያዘችኝ። ከወትሮው እጥፍ ነው። ሴትዮዋ እያረጀች ነው፤ መጠን ይጠፋባት ጀምሯል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አምስት ልጆች ቀሩ። ሁሉም ጉድፍ።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሸዋዬ ጠዋት ጠሩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ክፍል አትገቢም። ቢሮ ቁጭ ብለሽ የተማሪ ፋይል ታስተካክያለሽ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጽሑፍሽ ያምራል።»

ጽሑፌ አያምርም። ባለፈው ዓመት የጻፍኩትን ሪፖርት ሐኪም የጻፈው መስሏቸው ነበር። ልጆቼን ነጠቁኝ! ምሳዬን ብቻዬን በንዴት በላሁ። ሁለት ሳህን።

መጸዳጃ ቤት ሆኜ ሁለት መምህራን ሲያወሩ የሰማሁት፦

«ባሂራ ወፈረች አይደል?»

«ቆጮ ነው።»

«ቆጮ እንደዚህ ፊት ያበራል እንዴ?»

ሳቅ። እስኪወጡ ድረስ ውስጥ ቆየሁ። ሰው እንዴት ነገር ፈላጊ ነው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

አሥረኛው ቀን። ሽፍታው ከዛሬ ጀምሮ ሊወጣ ይችላል። ጠዋት በሩን ዘግቼ፣ መንግሥት ጫካ ውስጥ ሽፍታ እንደሚያስሰው ሰውነቴን አሰስኩ። ብብት፣ ጀርባ በመስታወት፣ የጣት መሐል። ሆዴ ላይ አንድ አገኘሁ! አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። በደንብ ሳየው የቁንጫ ንክሻ ነው። ቁንጫን እንዲህ የመረቀ ሰው በታሪክ ያለ አይመስለኝም።

ሙንታሲር በሩን አንኳኳ። «ምን እየፈለግሽ ነው?»

«ውበቴን።»

«እኔ አግኝቼዋለሁ፣ ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩለት። እሱም ትከሻዬን፣ አንገቴን፣ እጄን ያይ ጀመር። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ። በጣም ደስ አለኝ። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው፤ አሁንም እንደ አዲስ ያየኛል።

ዛሬ አሥራ ስድስት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው።

ሌላ የምጽፈው የለም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 22

አደረግሁት! ሳልረሳ ሁሉንም ልጻፈው።

ወይዘሮ ሸዋዬ ስብሰባ ሄዱ። ቢሮው ውስጥ እኔና የትምህርት ቤቱ ስልክ ብቻችንን ቀረን። መሕቡባ ይህን ቁጥር አታውቀውም። ድምፄን አቅጥኜ፣ የአዲስ አበባ ሰው መስዬ ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ወይዘሮ መሕቡባ ነዎት? ከጤና ቢሮ ነው። ሲስተር ሰፍያ እባላለሁ። ስለ ጉድፍ በሽታ ጥናት እያደረግን ነበር።»

የሕፃን ድምፅ ከጀርባዋ ይሰማል።

«ደህና ነዎት ሲስተር?» አለች በመጨረሻ። «ይጠይቁ፣ ለጥናት ከሆነማ።»

«በልጅነትዎ ጉድፍ ይዞዎት ያውቃል?»

«በአሥር ዓመቴ ይዞኛል። በዓረፋ ዋዜማ።»

«በቤታችሁ ሌላ የያዘው ሰው ነበር?»

«አንዲት ታናሽ እህት ነበረችኝ። አለችኝ። ስሟን ልንገርዎት?»

«አያስፈልግም! ጥናቱ ስም አይጠይቅም።»

«ጥሩ። እሷን ሆን ብዬ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።»

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። «እንዴት ሆኖ?»

«እናታችን ሙሀመድሰይድን ልትወልድ ስትል እኔንና እህቴን አክስታችን ጋ ወስዳ አስቀመጠችን። ለዓረፋ ለሁለታችንም ቀይ ቀሚስ ተሰፍቶልናል። እኔ ጉድፍ ወጣብኝና ከቤት አትወጪም ተባልኩ። እሷ፣ የአራት ዓመቷ ቁንጥንጥ፣ ቀሚሷን ለብሳ መስተዋት ፊት ትሽከረከራለች። እንዴት ይቻላል ሲስተር? እርስዎስ ይችሉ ነበር?»

«ጥናቱ የኔን አይጠይቅም።»

«ወደ አልጋዬ ጠራኋት። ብርድ ልብሴን አለበስኳት። አፌ ውስጥ የነበረ ከረሜላ አውጥቼ አጎረስኳት። ሦስት ቀን አብራኝ ተኛች፤ እሷማ የወደድኳት መስሏት ደስታዋ ልክ አልነበረውም።»

«ያዛት?»

«አልያዛትም! ዓረፋን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሥጋዋን በልታ፣ ጎረቤት ዞራ ጨረሰች። ሁለት ሳምንት አልፎ፣ እኔ ድኜ በዓሉ ከተረሳ በኋላ ነው ድንገት የወጣባት። ተንኮሌ እንኳ ዘግይቶ ነው የደረሰው። አክስታችን ደግሞ አራስ አታስደንግጡ ብላ ለእናታችን አልነገረቻትም፤ አክስታችንም ነፍሷን ይማር፣ እንደደበቀችው ሄደች። እኔም እስከ ዛሬ ዝም።»

«ምልክት አለ?»

«ከግራ ጆሮዋ ኋላ አንድ ጠባሳ አላት። ሲያሳክካት የላጥኩላት እኔ ነኝ።»

እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ። «አመሰግናለሁ ወይዘሮ መሕቡባ፤ ጨርሰናል።»

«ቆይ ሲስተር። ጥናቱ ስለ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቦታ አለው?»

«የለውም።»

«ይጨምሩበት። ያች እህቴ ሁለተኛውን ባጣች ጊዜ አልሄድኩም። የስምንት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ሆዴ እስከዚህ ድረስ። ያንን ሆድ ይዤ ምን ብዬ ፊቷ ልቁም? ስወልድ እሄዳለሁ አልኩ፤ ስወልድ ደግሞ ሕፃን አቅፎ መሄድ ባሰብኝ። ቀን በቀን ላይ ተደራረበ። እሷ የናቅኳት ነው የመሰላት።»

«ይህ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም» አልኩ። የአዲስ አበባ ድምፄ የት እንደገባ አላውቅም።

«ጠርዙ ላይ ይጻፉት።»

«ጻፍኩት።»

«እሺ። በደንብ ይብሉ ሲስተር። ከባድ ነገር አያንሱ።»

ስልኩን ዘጋች።

ምን ማለቷ ነው? መቼም ነርሶች ሲደክሙ ስለሚውሉ ይሆናል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የገዛ ጆሮን ጀርባ ማየት አይቻልም። በስልኬ አርባ ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ሃያው ጣሪያ ነው፣ አሥሩ ሻሼ ነው። በቀሩት ላይ አንድ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ይታያል። ጠባሳም ሊሆን ይችላል፣ ጥላም ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ደግሞ ምስክሬ መሕቡባ መሆኗ ነው። እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ የዘቢዳር ተራራ ሰው ሲተኛ ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ይወርዳል ብላ ያሳመነችኝ ሰው ናት። አሁንም ልታረጋጋኝ ፈልጋ ቢሆንስ? ግን ማንን ልታረጋጋ? የምታወራው ከሲስተር ሰፍያ ጋር ነው።

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። ላቦራቶሪው የምርመራ ኬሚካል ስላለቀበት ውጤቱ ዘግይቷል አሉ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሙንታሲር ከትናንት ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው። የስፖርት ልብሱ ሥራ ተደራረበብኝ አለ። ጠዋት ልብስ ሊቀይር መጣና ከግቢው በር ሳያልፍ «ሸሚዝ ወርውሪልኝ» አለኝ። በዚህ ፀሐይ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ነጠላ ፊቱ ላይ ጠምጥሟል። ይቆጣኛል እንጂ አያየኝም።

«ቁርስ ብላ እንጂ!»

«አትምጪ! ማለቴ፣ አትድከሚ፣ ቸኩያለሁ።»

ሥራ እንዲህ ያደርጋል?


ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ከመምህራኑ አንዷ፣ «ባልሽ ትናንት መድኃኒት ቤት ሮዝ ሎሽን ሲገዛ አየሁት። ለአንቺ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ለእኔ አይደለም። ሮዝ ሎሽን!

ከቡኢ የምትመጣ አንዲት ደንበኛ አለችው። አንድ ቀሚስ አራት ጊዜ የተለካች። ቁመቷ አይጨምርም አይቀንስም፤ ምኑ ነው አራት ጊዜ የሚለካው? እኔ እዚህ ሰውነቴን ሳስስ፣ ፍርሃቴን ብቻዬን ስውጥ፣ እሱ ሎሽን ይገዛል።

ነገ እሄዳለሁ። ሳልነግረው ነው የምሄደው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሄድኩ። የሱቁ መዝጊያ ግማሽ ተዘግቷል፤ የስፌት መኪናው ግን ይሰማል። በቀስታ ተጠጋሁና በእግሬ ገፋሁት።

«እንዳትገቢ!» ብሎ ጮኸ ከውስጥ።

«ማን አለች?»

«ማንም የለም! ብቻዬን ነኝ!»

«ክፈት።»

«ባሂራ፣ ወላሂ አልከፍትም።»

«የቡኢዋ ናት?»

«የቡኢዋ ማናት?» አለ።

«አራት ጊዜ የተለካችው!»

መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ። ሲስቅ ነው። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ መጣና ከመስታወቱ ኋላ ቆመ። ነጠላውን አነሳ።

ፊቱ በሙሉ ነጠብጣብ ነው፤ ነጠብጣቡ ላይ ሁሉ ሮዝ ሎሽን ተቀብቷል። ዓይኑ በትኩሳት ቀልቷል። ያ ትልቅ ሰውዬ ልጆች ቀለም የተጫወቱበት ግድግዳ መስሏል።

«ጉድፍ ነው» አለ በመስታወቱ በኩል። «ያችን የሜትር ሌባ ስሸከም ነው የያዘኝ። ወደዚህ አትጠጊ።»

«እኔ እንዳልጠጋ ማን ነገረህ?»

«ወይዘሮ ሸዋዬ የሊዲያን መታመም ነገሩኝ። በነጋታው። አንቺ ጤና ጣቢያ የሄድሽ ቀን።»

ሁሉንም ያውቃል። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ያውቃል። ያን ዕለት ትከሻዬን አንድ በአንድ ሲያይ የነበረው ለውበቴ አይደለም። ከክፍል ያስወጣኝም እሱ ነው፤ ዳይሬክተሯን ለምኖ። እናቴ ጋም ከእኔ ቀድሞ ሄዶ ነበር። እናቴ ለእሱም ያንኑ አለችው፦ «አዎ። አይ፣ ያ ኩፍኝ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ ያየን ጀመር።

«ራስህ ይዞህ እንደማያውቅ አላሰብክም?»

«እናቴን ጠየቅኋት። በእርግጠኝነት ይዞሃል አለችኝ። ወንድሜን ነው ለካ የያዘው።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«ያንቺው ዶክተር ናቸው ያዩኝ። መድኃኒት ሰጥተውኛል። ሚስቴ እንዳትሰማ አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ ‹እናንተ ሰዎች እርስ በርሳችሁ አትነጋገሩም?› አሉኝ።»

እስከ ቤት ድረስ እየሳቅሁ ሄድኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያሰላሁት። ሽፍታ ከመውጣቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ይተላለፋል። ቅዳሜና እሑድ አብረን ነበርን፤ በአንድ ትሪ በልተን፣ በአንድ ትራስ ተኝተን። የሊዲያን ቀን ልጨርስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ የባሌ ሃያ አንድ ቀን ተጀመረብኝ።


እሑድ፣ ኅዳር 1

ይህን ሳልቀልድ ልጻፈው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ማክሰኞ ማታ ብነግረው፣ «አንተስ ይዞህ ያውቃል?» እለው ነበር። አንድ ጥያቄ ነበረች። የሱን ፍርሃት ላለማየት ብዬ ዝም አልኩና አሁን ሱቅ ውስጥ ለብቻው በጨርቅ ክምር ላይ ተኝቶ ይቃጠላል። ሳልም አለበት። ዶክተሩ ትንፋሽ ካጠረው ቶሎ አምጡት ብለዋል። ምግብ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እሸሻለሁ፤ እሱ እስኪያነሳ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አያለሁ። ትናንት ሳህኑን ሲያነሳ ግማሹ ፈሰሰ። ሮጬ ልሄድ አንድ እግሬን አነሳሁ። «ቁሚ!» አለኝ። ቆምኩ። ጎንበስ ብሎ የፈሰሰውን ጠረገ፤ እንደታመመ ብቻውን ሲጠርግ አየሁት።

ለሁለተኛውም እርግዝና መሄድ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ውሃ ተሸክሜ ነበር። ያን ቀን ባልሸከም። ሲስተር ሃፊዛ በውሃ አይደለም ብላኛለች። አምናታለሁ። አልፎ አልፎ።


ሰኞ፣ ኅዳር 2

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጄ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ተቀምጣለች። መሕቡባ ናት። ከወልቂጤ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ስንት ቦታ ወርዳ ተሳፍራ መጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ፣

«የጥናቱ ውጤት ምን ሆነ?»

«የምን ጥናት?»

«ተይ ባሂራ። ‹ከጤና ቢሮ ነው› ስትይ ነው ያወቅሁሽ። የአዲስ አበባ ሰው ‹ቢሮ›ን እንዲህ አይልም።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ልቅሶ ሆኖ ወጣ። እሷም አለቀሰች። ሕፃኗ ሁለታችንን አይታ በሦስተኛ ደረጃ ተቀላቀለች። ስሟ ዘይባ ነው፤ የዓመት ከስምንት ወር ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬ አላየኋትም ነበር። ልነካት ፈልጌ፣ ፈርቼ እጄን ሰበሰብኩ።

«እኔ ሊወጣብኝ ይችላል፤ ልጅሽን አርቂ።»

«ጉድፍ ባለፈው ክረምት ጨርሳለች» አለችና ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ቀጥሎ ሻሼን ገፋ አድርጋ ከጆሮዬ ኋላ በጣቷ ፈለገች። «ይኸው። እዚሁ አለ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ዘቢዳር ውሃ ይጠጣል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እሱማ እውነት ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ምግቡን ለሙንታሲር የወሰደችው እሷ ናት። ሱቁ ድረስ ገብታ፣ ልብሱን አጥባለት፣ ጨርቁን አንጥፋለት መጣች። ሳሉ ቀንሷል አለች። ትኩሳቱም በርዷል። «ግን ባልሽ ሲታመም ልቅሶ ይወዳል» አለችኝ። ይወዳል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

በአራት ሰዓት ቢሮ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ዶክተሩ ናቸው።

«ወይዘሮ ባሂራ፣ ውጤቱ መጥቷል። ሰውነትዎ ጉድፍን ያውቀዋል። ደሙ የተቀዳው በሁለተኛው ቀን ስለሆነ ይህ የአሁን አይደለም፤ በልጅነትዎ ይዞዎት ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ስለዚህ ባሌ ጋ መግባት እችላለሁ?»

«ይችላሉ። ይነጋገሩም» አሉኝ።

ወይዘሮ ሸዋዬን ሳላስፈቅድ ወጣሁ። በር ላይ ቆመው ነበር፤ «ባጃጅ ያዢ፣ አትሩጪ!» ብለው ከኋላዬ ጮኹ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ለመሕቡባ ደወልኩላት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ እሷ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች እልልታዋን አቀለጠችው። እናቴም አጠገቧ ነበረች መሰለኝ፣ ሁለት እልልታ ነው የሰማሁት።

የሱቁን መዝጊያ ሳላንኳኳ ከፈትኩ። ሙንታሲር በጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል። ሲያየኝ ዘሎ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ።

«ውጪ! ባሂራ፣ ውጪ!»

«ይዞኛል። በአራት ዓመቴ። ደሜ ተናገረ።»

«እንደገና በይው።»

እንደገና አልኩት። ሦስተኛም አስባለኝ። ከዚያ እንደ ቆመ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወረደ። ሸሚዙን አውልቄ ሎሽኑን አነሳሁ። የጀርባው ቁስሎች ደርቀዋል፤ እጁ የማይደርስባቸው ላይ ግን ማንም አልቀባውም። መሕቡባ ጀርባውን ልቀባ ስትል አፍሮ እምቢ ብሏት ኖሯል። አንድ በአንድ ቀባሁለት። ስቀባው ሁሉንም ነገርኩት፤ የሊዲያን ብስኩት፣ ሲስተር ሰፍያን፣ አርባ ሦስቱን የጆሮ ፎቶ፣ ውሃ የተሸከምኩበትን ቀን። የመጨረሻውን ስነግረው እጄን ይዞ ቆየ። «እኔም ውሃውን ሳልቀዳልሽ ሄጄ ነበር» አለ። ለካ እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ይዞ ነው የኖረው።

አሁን ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ተኝቷል። አሥር ቀን እንቅልፍ አላየም። አፉ ተከፍቶ ያንኮራፋል፤ ሮዝ ነው። ይህን የምጽፈው ደብተሩን የሱ ትከሻ ላይ አስደግፌ ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ድንገት አቆምኩ። ሆዴ ውስጥ፣ ከእምብርቴ በታች በቀኝ በኩል፣ አንድ ነገር ነካ አደረገኝ። ንፋስ መሰለኝ። ብዕሩን ይዤ ጠበቅሁ። ደገመው። ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ በጣም በትንሹ። ከቀደሙት ሁለቱ አንዳቸውም እዚህ አልደረሱም ነበር።

ልቀሰቅሰው እጄን አነሳሁ። ግንባሩ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ጉድፍ እንኳ አብራው ተኝታለች።

ሲነቃ እነግረዋለሁ። ወላሂ እነግረዋለሁ። እስኪነቃ ድረስ ብቻ ለብቻዬ ልያዘው።